ለኮንፈረንስ ጅማ ስትመጡ አካባቢን ሳትጎዱ ምን ትበላላችሁ፣ የት ትዞራላችሁ? ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ስብሰባ አያልቅባትም። ዩኒቨርሲቲው አለ፣ የመልኮ ግብርና ምርምር አለ፣ የጤናውም የቡናውም የደኑም ወርክሾፕ እዚሁ ነው ሚመጣው። ግን ብዙ እንግዳ ሁለት ሶስት ቀን አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ሃይላንድ በሃይላንድ ላይ ሲጠጣ ይውልና ቡፌ ላይ ሩዝና ፓስታ በልቶ፣ ማታ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ፣ በነጋታው ይመለሳል፤ ስብሰባው ራሱ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሆኖ ማለት ነው። ይሄ በጣም ነው ሚያሳዝነኝ ምክንያቱም እዚ ከተማ አካባቢ ማይጎዳ ምግብ ማግኘት ከባድ አይደለም፣ ጫካው ቅርብ ነው፣ ቡናው፣ ማሩ፣ ኮረሪማው፣ አቮካዶው ሁሉ ከዙሪያችን ነው ሚመጣው። ችግሩ «ኦርጋኒክ» ወይ «ኢኮ» ሚል ታፔላ የሰቀለ ቤት ብትፈልጉ አታገኙም። እዚ ሚሰራው መንገድ ሌላ ነው፣ ያያችሁትን ነገር ሁሉ «ይሄ ከየት ነው የመጣው?» ብሎ መጠየቅ። ሻጩም፣ አስተናጋጇም፣ ገበሬውም መልሱን ያውቁታል፣ ጠያቂ ነው የጠፋው።

1. ከመምጣታችሁ በፊት አዘጋጆቹን አናግሩ

ከሁሉም ትልቁ ስራ ይሄ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል። እናንተ ብቻችሁን ሽሮ ብታዙ ጥሩ ነው፣ ግን አዳራሹ ሙሉ ሰው ሚበላውን ሚወስነው ከሆቴሉ ጋር ውል ሚፈራረመው ኮሚቴ ነው፣ እሱ ደሞ ሜኑውን ቀድሞ ነው ሚጨርሰው። ስለዚ «እመጣለሁ» ብላችሁ ስትመልሱ እዛው ኢሜይል ወይ ቴሌግራም ላይ ጨምሩበት፣ ለምሳሌ እንዲህ፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ ለግብዣው አመሰግናለሁ፣ እመጣለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ከተቻለ በሁሉም ቀን ምሳ ላይ የጾም ምግብ በደንብ ቢኖር፣ ውሃውም በትንንሽ ሃይላንድ ከሚሆን ባለ 20 ሊትሩ ከነማሽኑ ቢቀመጥልን ደስ ይለኛል፣ እኔ የራሴን ኮዳ ይዤ እመጣለሁ። ለእረፍት ሰዓት ደግሞ የጀበና ቡና በስኒ ቢሆን ለእንግዶችም ደስ ይላል።»

በትህትና ከተጠየቀ ሚቆጣ የለም፣ እንደውም ኮሚቴው ራሱ ሃሳብ ነው ሚፈልገው። እናንተ ራሳችሁ አዘጋጅ ከሆናችሁ ደሞ ከዚህ በላይ መሄድ ትችላላችሁ። ለሻይ ሰዓት በላስቲክ የታሸገ ብስኩት ትታችሁ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ ጎደሬ ወይ ስኳር ድንች እዘዙ። ባነሩ ላይ ቀንና ዓመተ ምህረት አታጽፉ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ያገለግላል። ከቡፌው ለሚተርፈው ምግብ ደሞ ማን እንደሚወስደው ከምሳ በፊት ከሆቴሉ ጋር ተነጋገሩ፣ ያልተነካውን ምግብ በንጹህ እቃ አድርጎ ለሚፈልጉት ሰዎች በክብር መስጠት ይቻላል፣ ከሰሃን ላይ የተራገፈ ትርፍራፊ መስጠት ግን ለሰው አይገባም። ይሄ አስቀድሞ ካልታሰበበት መጨረሻው ገንዳ ነው።

ደሞ ፕሮግራሙን እዩት። ሀሙስ ከሰዓት ክፍት ካለ ወይ ማስከፈት ከቻላችሁ ትልቅ ነገር ነው፣ ለምን እንደሆነ ገበያው ጋር ስንደርስ ታዩታላችሁ።

2. መንገዱ

ከአዲስ አበባ ጅማ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ በሰበታ፣ በወሊሶ፣ በወልቂጤ አድርጎ የጊቤን በረሃ ወርዶ ወጥቶ በሶኮሩና በአሰንዳቦ በኩል ይገባል። ቀኑን ይበላል፣ አውሮፕላኑ ደሞ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ጊዜ ካላችሁና መንገዱ ሰላም መሆኑን ከጠየቃችሁ አውቶብስ ውሰዱ፣ አንድ አውቶብስ የጫነው ሰው ነዳጁን ስለሚካፈለው በነፍስ ወከፍ ሚቃጠለው ትንሽ ነው። ከሁሉ ሚብሰው ግን የመስሪያ ቤት ላንድክሩዘር አንድ ባለሙያና አንድ ሾፌር ብቻ ይዞ ሲመጣ ነው፣ ከጀርባው ደሞ ከዛው ከተማ ሌላ ላንድክሩዘር እንደዛው ባዶውን። ከመነሳታችሁ በፊት «ማን ማን ነው ከአዲስ አበባ ሚሄደው?» ብላችሁ በግሩፑ ጠይቁና መኪናውን ሙሉት።

ከተማ ውስጥ በእግር። ፈረንጅ አራዳ፣ መርካቶ፣ ሂርማታ ተያይዘው ያሉ ሰፈሮች ናቸው፣ በኮሪደር ልማቱ የተሰራው የእግረኛ መንገድም አግዟል። ሲርቅ ባጃጅ አለ፣ ኮንትራት ከምትይዙ ከሰው ጋር ተሳፈሩ። ክረምት ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ቀልድ አይደለም፣ በሌላውም ወር ቢሆን ድንገት ይመጣል፣ ጃንጥላና ጭቃ ሚችል ጫማ ያዙ።

3. ማደሪያና ውሃ

ሆቴል ስትመርጡ ለአዳራሹ በእግር ሚቀርበውን ምረጡ፣ በቃ። ኤሲ አያስፈልጋችሁም፣ ጅማ ከባህር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው፣ ማታ መስኮት መክፈት ይበቃል። ፎጣና አንሶላ በየቀኑ አትቀይሩልኝ በሉ።

ውሃው ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። በሶስት ቀን ስብሰባ አንድ ሰው ሚጥለው ሃይላንድ ብዙ ነው፣ ያ ፕላስቲክ ደሞ ከተማዋን አቋርጦ ሚሄደው የአዌቱ ወንዝ ውስጥ ነው ዝናብ ሲመጣ ሚገባው። ኮዳ ወይ ቴርሞስ ይዛችሁ ኑ። ማታ ወጥ ቤቱን «የፈላ ውሃ ሙሉልኝ» ብትሉ ማንም እምቢ አይላችሁም፣ ለሻይ ሁሌም ይፈላል፤ በዚህ ከፍታ ላይ በደንብ ተንተክትኮ አንድ ደቂቃ ከቆየ ለመጠጥ ይበቃል። ካልሆነ ፋርማሲ ሚሸጠውን የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ገዝታችሁ እላዩ ላይ በተጻፈው መጠን ተጠቀሙ። ለስላሳ ካማራችሁ በፕላስቲክ ሳይሆን በጠርሙስ ያለውን እዘዙ፣ ጠርሙሱ ወደ ሳጥኑ ተመልሶ ይሞላል።

ፌስታልም ተዉ። በ2017 ዓ.ም ፓርላማው ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ተከልክሏል፣ ደሞም ጅማ ገበያ ውስጥ ዘንቢል እንደልብ አለ።

4. ምግቡ

ሰው «ለአካባቢ ሚስማማ ምግብ» ሲባል ውድና ለየት ያለ ነገር ይመስለዋል። ጅማ ላይ ግን ተቃራኒው ነው፣ ረክሶ ሚገኘው ነው ብዙ ጊዜ ከቅርብ የመጣው። ሩዙ፣ ፓስታው፣ ቋሊማው፣ ኮርንፍሌክሱ ነው ከሩቅ ተጭኖ ሚመጣው።

ቁርስ ላይ ጨጨብሳ፣ ቂንጬ፣ ገንፎ ወይ ፍርፍር እዘዙ። ገንፎው የገብስ ወይ የበቆሎ ሆኖ በቅቤና በበርበሬ ሲመጣ እስከ ምሳ ያቆማችኋል። ማር ካለ ጨጨብሳውን በማር አድርጉልኝ በሉ።

ምሳ ላይ በየአይነቱ። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ስር፣ ድንች፣ አንድ ትሪ ላይ ስድስት ሰባት አይነት አትክልትና ጥራጥሬ ሚያበላ ሌላ ምግብ ንገሩኝ። የበሬ ስጋ መሬትም ውሃም መኖም ብዙ ይፈልጋል፣ ጥራጥሬ ደሞ መሬቱን ራሱ ያዳብራል፣ ስለዚ ስጋውን በሳምንት አንዴ አድርጋችሁ ሌላውን ቀን በየአይነቱ ብትበሉ ትልቅ ልዩነት አለው። ግን አንድ ነገር እወቁ፣ ጅማ ላይ ብዙ ምግብ ቤት የሙስሊም ስለሆነ የጾም ምግብ ከረቡዕና አርብ ውጪ ሜኑ ላይ ላይኖር ይችላል። መፍትሄው ጠዋት ስታልፉ መናገር ነው፣ «እህቴ ለምሳ ስድስት ሰው ነን፣ ሽሮና ጎመን በዘይት ብትሰሩልን» ብትሏት ትሰራላችኋለች።

ዘይቱንም ጠይቁ። ብርድ ሲነካው ሚረጋው የፓልም ዘይት ከውጭ ሚገባ ነው፣ በአለም ላይ ብዙ ጫካ ካስመነጠሩ ሰብሎች አንዱ ነው። ኑግ ወይ ሱፍ ዘይት ያለው ቤት ካገኛችሁ እሱን ቤት ያዙት፣ ለጓደኛም ንገሩ። ትንሽ ብር ይጨምራል፣ ጣዕሙ ግን ሌላ ነው።

የስራስር ምግብ አትርሱ። ጎደሬና ስኳር ድንች በብዛት ይበቅላል፣ ቆጮና ቡላ ደሞ ከየምና ከዳውሮ በኩል ይመጣል። እንሰት ድርቅ ሚቋቋም ተክል ነው፣ እንደ ማሳ ሰብል በየዓመቱ መታረስ አይፈልግም፣ ጓሮ ላይ ዓመታት ቆሞ አፈሩን ይይዛል። ቆጮ በአይብና በጎመን ሚሰራ ቤት ካገኛችሁ እለፉ አልላችሁም።

ፍራፍሬ ላይ የወቅቱን ጠይቁ። አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሙዝ አለ፣ ግን ሁሉም ሁሌ የለም፣ ስለዚ ጁስ ቤት ገብታችሁ «ዛሬ የጅማ ምን አለ?» በሉ። ፖም ካሏችሁ ከሩቅ የመጣ ነው። ጁሱን ያለ ስኳርና ያለ ስትሮ። ሆዳችሁ እንዳይረበሽ ተልጦ ሚበላውን ምረጡ፣ ጥሬ ሰላጣ ደሞ በምን ውሃ እንደታጠበ ካላወቃችሁ ይቅርባችሁ።

ለመጠጥ ብርዝ ካገኛችሁ ማርና ውሃ ነው፣ ያልተብላላ፣ ሁሉም ሃይማኖት ይጠጣዋል። ቀሪቦም አለ፣ ከተቆላ ገብስ ሚሰራ፣ ጅማ ላይ በጣም ይወደዳል።

ማታ ደሞ ብዙ ሆናችሁ ስትወጡ በየሰሃኑ አትዘዙ፣ የጅማ ቤቶች ሰሃን ትልቅ ነው፣ ለሶስት ሰው ሁለት ማዘዝ ይበቃል፣ ካነሰ ይጨመራል። ከተረፈ ሚወሰድበት ምሳ እቃ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር።

5. ቡናው

እዚህ ጋ ቀስ እንበል፣ የሌላ ከተማ ሰው ጅማ መጥቶ ሆቴል ውስጥ የፓኬት ኔስካፌ ሲበጠብጥ ሳይ ልቤ ይሰበራል።

የአረቢካ ቡና መነሻ ይሄ ደቡብ ምዕራቡ ጫካ ነው። ጅማ ዞን ጎማ ወረዳ ያለችው ጮጬም ካፋም የኛ ነው ይላሉ፣ ክርክሩን ለነሱ እንተወውና ለእናንተ ሚጠቅማችሁ ይሄ ነው፦ ቡና በተፈጥሮው ጥላ ወዳጅ ተክል ነው፣ ከትልልቅ ዛፍ ስር ነው ያደገው። እንደ ሰሳ፣ ዋንዛና ብሳና ያሉ ዛፎች ስር ያለ ቡና ካለ ዛፉ ይቆያል፣ ዛፉ ካለ ወፉም ጉሬዛውም ንቡም ውሃውም አለ። ቡናው ዋጋ ሲያጣ ገበሬው ነቅሎ ጫት ወይ ባህር ዛፍ ይተክላል፣ አይፈረድበትም፣ ልጆቹን ማብላት አለበት። ስለዚ የጫካ ወይ የጥላ ቡና በጥሩ ዋጋ መግዛት ቀጥታ ደን መጠበቅ ነው።

ስትገዙ ሶስት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛ፣ ከየት ነው? ገራ፣ ጎማ፣ ማና፣ ሊሙ ብሎ ወረዳውን ሚነግራችሁን ነጋዴ እመኑት፣ «የጅማ ነው» ብቻ ሚለውን ግን ደግማችሁ ጠይቁት። ሁለተኛ፣ የጫካ ነው የጓሮ? ሁለቱም ጥሩ ነው፣ ጥላ የሌለው ሜዳ ላይ የተተከለው ግን ያው እርሻ ነው። ሶስተኛ፣ ጀንፈል ነው የታጠበ? ጀንፈሉ እሸቱ ከነልጣጩ ፀሐይ ላይ ደርቆ ሚፈለፈለው ነው፣ ውሃ አይፈልግም ማለት ይቻላል። የታጠበው ልጣጩ ቀድሞ በውሃ ሚላቀቀው ነው፣ ብዙ ውሃ ይፈልጋል፣ በለቀማ ወቅት ደሞ ከማጠቢያው ሚወጣው ቆሻሻ ውሃና ልጣጭ ሳይጣራ ወንዝ ውስጥ ሲለቀቅ ውሃው ኦክስጅን ያጣል፣ ከታች ያሉ ሰዎችና ከብቶች ይቸገራሉ። ልጣጩን ኮምፖስት አድርገው ውሃውን በጉድጓድ ሚያጠሉ ማጠቢያዎችም አሉ፣ ስለዚ የታጠበ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፣ ግን ሳላውቅ ከሆነ እኔ ጀንፈል ነው ምገዛው፣ በደንብ ከደረቀና ቀይ እሸት ብቻ ከተለቀመ ጣዕሙ አያሳፍርም።

ጥሬውን ግዙና ቤታችሁ ቁሉት፣ ይቆያል፣ በወረቀት ወይ በጨርቅ ከረጢት ይያዛል። ስትጠጡ ደሞ ከመንገድ ዳር ጀበና ቡና ጋ ተቀመጡ፣ በስኒ ነው፣ ሚጣል ነገር የለም፣ ገንዘቡም ለሴትየዋ ነው። ከሰሉ ያሳስባል፣ እውነት ነው፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ወይ ከሰል ቆጣቢ በሆነው ላቀች ምድጃ ምታፈላ ካለች እሷን ምረጡ። የሀገራችን መብራት በአብዛኛው ከውሃ ነው፣ ከጅማ ብዙ ማይርቀው ግልገል ጊቤ አንድ ብቻውን 184 ሜጋ ዋት ነው፣ እና የኤሌክትሪክ ቡና በእውነት ንጹህ ነው። ገጠር ከወጣችሁና ቅጠል ቡና ወይ በቅቤ የተጠበሰ ቡና ከቀረበላችሁ እምቢ አትበሉ።

6. ሀሙስ ገበያ

የጅማ ትልቁ ገበያ ሀሙስ ነው። ገበሬው ከየወረዳው ራሱ ይዞ ይመጣል፣ ለዛ ነው ሀሙስ ከሰዓትን አስከፍቱ ያልኩት። ዘንቢልና ሁለት ማሰሮ ወይ ክዳኑ ሚጠብቅ ብልቃጥ ይዛችሁ ሂዱ።

ማር ግዙ። ቀፎው ጫካ ውስጥ ረጅም ዛፍ ላይ ነው ሚሰቀለው፣ ቀፎ ያለው ሰው ዛፉን አይቆርጥም፣ ማስቆረጥም አይወድም። ነጩ ማር ከጌተም ዛፍ አበባ ሚመጣው ነው፣ ጠቆር ያለው ደሞ ከሌላ። አነጋገሩ እንዲህ ነው፦

«እናቴ ማሩ ከየት ነው?»
«ከገራ ነው የኔ ልጅ።»
«የማን ቀፎ ነው?»
«የወንድሜ ነዋ።»

እንዲህ ያለ መልስ ካገኛችሁ ግዙ። ማሩ ከረጋ አትፍሩ፣ መርጋት ተፈጥሮው ነው። በአውሮፕላን ምትመለሱ ከሆነ ሻንጣ ውስጥ እንጂ በእጅ አይገባም።

ኮረሪማና ጥምዝ ሁለቱም የዚህ ጫካ ቅመሞች ናቸው፣ ሁለቱም ዛፍ ጥላ ስር ይበቅላሉ፣ ስለዚ እነሱንም መግዛት ጫካውን ዋጋ እንዲኖረው ያደርጋል። ኮረሪማውን ከነቅርፊቱ ግዙ፣ ሽታው ይቆያል።

በርጩማው ላይ ግን ትንሽ አስቡ። የጅማ ባለ ሶስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ሚወጣ ድንቅ ስራ ነው፣ ለእድሜ ልክ ይሆናል፣ ብዙውም ከዋንዛ ነው፣ ዋንዛ ደሞ ሀገር በቀል ዛፍ ነው እየሳሳም ነው። አንድ ግዙ፣ እሱን ለልጅ ልጅ አቆዩት፣ ለመስሪያ ቤት ሰው ሁሉ ስጦታ ካማራችሁ ግን የሳር ስፌት ውሰዱ።

7. ሽርሽር

ግማሽ ቀን ካላችሁ ጅሬን ኮረብታ ላይ ውጡ። እዛ ያለው የጅማው ንጉስ የአባ ጂፋር ቤተ መንግስት ከመሃል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ጠዋት ቀድማችሁ በእግር ውጡና በባጃጅ ተመለሱ፣ ከላይ ከተማዋ በሙሉ ትታያለች። ዳግማዊ አባ ጂፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው የገዙት፣ እንጨቱን ያኔ እንዴት እንደሰሩት ቤቱ ውስጥ ታዩታላችሁ። የሳቸው እቃዎች ያሉበት የጅማ ሙዚየምም ከተማ ውስጥ አለ፣ ክረምት ሲዘንብ እሱ ይሻላል።

ቦዬ ደሞ አለ፣ ከከተማው ዳር ያለው ረግረግ። ጠዋት ብዙ አይነት ወፍ አለ፣ በጉማሬም ይታወቃል፣ ስለዚ የአካባቢ ሰው ሳትይዙ ውሃው ዳር አትጠጉ። ረግረጉ በእርሻና ለጡብ ሚሆን ሸክላ በማውጣት እየጠበበ ነው፣ ጎርፍ ይዞ ውሃ ሚያጣራልን ግን እሱ ነው። የአካባቢ ስብሰባ ከሆነ ስብሰባችሁን እዛ ጋ አንድ ሰዓት ብታደርጉት ከአስር ስላይድ ይበልጣል።

ቡና ወይ ግብርና ላይ ምትሰሩ ከሆነ አዘጋጆቹ ለመልኮ ቀድመው ደብዳቤ እንዲጽፉ ጠይቁ፣ ከከተማው በስተምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመ። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 ሀገራችን ሲገባ ገበሬውን ያዳኑት በሽታውን ሚቋቋሙ ዝርያዎች እዛ ነው የወጡት፣ 74110፣ 74112 ሚባሉት ቁጥሮች ላይ ያለው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ. 1974። የተመረጡት ደሞ ከጫካና ከገበሬ ማሳ ነው፣ ጫካው ቢጠፋ ኖሮ ሚመረጥ አይኖርም ነበር።

ሙሉ ቀን ካለ በለጤ ደን ሂዱ፣ በቦንጋ መንገድ 45 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ሸቤ ሶምቦ ወረዳ። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ታያላችሁ። በለጤና ገራ ላይ የመንደሩ ሰዎች በደን ማህበር ተደራጅተው ነው ደኑን ሚጠብቁት፣ የጫካ ቡናቸውም ደን ሳይጎዳ ለተመረተ ምርት ማረጋገጫ ሚሰጠው ሬይንፎረስት አሊያንስ ሚባል ድርጅት ሰርተፍኬት አግኝቶ ነበር። መሪ ከመንደሩ ውሰዱ፣ ከከተማ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ገንዘቡ እዛው ይቅር። እሸት ቡና አትቅጠፉ፣ እያንዳንዱ ዛፍ ባለቤት አለው። ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ከሆነ ለቀማ ላይ ትደርሳላችሁ፣ ከየካቲት ዝናብ በኋላ ደሞ አበባው ነው፣ ጥቂት ቀን ብቻ ነው ሚቆየው፣ ጫካው በሙሉ ይሸታል።

ሁለት ቀን መጨመር ምትችሉ እስከ ቦንጋ ዝለቁ፣ ከጅማ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ተፈጥሮውም እዛ ሚኖረው ሰውም አብረው ሚታሰቡበት ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። አንድ መኪና ሙሉ ሰው ሆናችሁ ሂዱ።

8. ከመመለሳችሁ በፊት

የተሰበሰበውን ፕላስቲክ ገጠር ወይ ደን ውስጥ አትጣሉ፣ ወደ ከተማ መልሱት፣ ባዶ ሃይላንድ ሚሰበስቡ ልጆች አሉ፣ ስጧቸው። ባጁን ከነገመዱ ለአዘጋጆቹ መልሱ።

ከዛ ያቺ የመጨረሻ ቀን ምትታደለው የግምገማ ፎርም ላይ «ጥሩ ነበር» ብላችሁ አትለፉ። የበላችሁትን ጻፉ፦ ጎመኑና ሽሮው ከሩዙ ቀድሞ እንዳለቀ፣ ጀበናው ጋ ሰልፍ እንደነበረ፣ ውሃው በማሽን ቢሆን እንደምትመርጡ፣ የሀሙስ ከሰዓት ጉዞ ፕሮግራሙ ውስጥ ቢገባ። ኮሚቴው የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ሲሰራ ያን ፎርም ነው ሚያየው።